ጉልላቱን ነው የወሰዱት ወይስ ጥላውን? የምዕራብ አርክቴክቶችና የእስልምናው ዓለም ቤት

በ2025 ሰኔ መጨረሻ ላይ (ቀኑንም ዓመቱንም ሁሉ በፈረንጅ ነው የምጽፈው) ያ የሙቀት ማዕበል አውሮፓን ሲመታ ፈረንሳይ ውስጥ ኤሲ የፖለቲካ ጭቅጭቅ ሆኖ ነበር፣ ፖለቲከኛዋ ማሪን ለፔን በአገር ደረጃ ትልቅ የኤሲ ዕቅድ ይውጣ አለች፣ ሌሎቹ ደግሞ ኤሲ ቤቱን አቀዝቅዞ ሙቀቱን መንገድ ላይ የሚተፋ ነገር ስለሆነ ከተማውን ይብስ ያግለዋል ብለው ተከራከሩ። እንዲህ ያለ ክርክር በተነሳ ቁጥር ሶሻል ሚዲያው ላይ አብረው የሚመጡ ቪዲዮዎች አሉ፣ የኢራን የንፋስ ማማ (ከላይ ንፋስ ይዞ ወደ ቤት የሚያወርድ)፣ የካይሮ የእንጨት መስኮት፣ የሞሮኮ ግቢ፣ ከላይ ደግሞ «ምዕራባውያን ይሄን ሰርቀው የራሳቸው አስመሰሉት» የሚል ጽሑፍ። ከስር ያለው ኮሜንት ሁሌ ሁለት ቦታ ይከፈላል። አንዱ ወገን ከፓሪሱ የኖትርዳም ካቴድራል ጀምሮ ሁሉም ነገር ከሙስሊሞች የተወሰደ ነው ይላል፣ ሌላው ምን እስላማዊ አርክቴክቸር አለ፣ የሮምና የፋርስ ነው እንጂ ብሎ ይዘጋዋል።

ሁለቱም የሚሳሳቱት አንድ ቦታ ላይ ይመስለኛል፣ ስለ ቅርፅ ነው የሚያወሩት። ጉልላት፣ ቅስት፣ ሚናራ። የዘመናችን ትልልቅ የምዕራብ አርክቴክቶች የወሰዱትን ቀረብ ብሎ ላየ ግን ዋናው ነገር አሠራሩ ነው፣ ማለትም ፀሐይን እንዴት ትመልሳለህ፣ ንፋስን እንዴት ታስገባለህ፣ ሰውን ከመንገድ ወደ ውስጥ እንዴት ታደርሰዋለህ የሚለው። ቅርፁን ብቻ የወሰዱት ብዙ ጊዜ መጫወቻ ሆኖባቸዋል (አንድ የተሳካለት አለ፣ እደርስበታለሁ)።

መጀመሪያ ስሙን እናጥራ

«እስላማዊ አርክቴክቸር» የሚለው ቃል ራሱ አውሮፓውያን ምሁራን በ19ኛው ክፍለ ዘመን አካባቢ ያሰፉት ሰፊ ጃንጥላ ነው፣ ከስፔን እስከ ህንድ ያለውን ከ1,000 ዓመት በላይ የተሠራ ነገር ሁሉ አንድ ላይ ይከታል። ከስሩ ያለው ሁሉ ደግሞ ከእስልምና ጋር የተወለደ አይደለም። መሀሉ ላይ ክፍት ግቢ ያለው ቤት ኢራቅ ውስጥ ኡር በተባለችው ጥንታዊ ከተማ ቁፋሮ ላይ ተገኝቷል፣ ያ ከክርስቶስ ልደት 2,000 ዓመት ገደማ በፊት ነው። ጣሪያ ላይ ያለ የንፋስ መያዣም በፈርዖኖች ዘመን ስዕል ላይ ይታያል። በካይሮ የእንጨት መስኮት ቅብጡም አይሁዱም ሙስሊሙም ኖሮበታል። ታዲያ እስላማዊ ማለት ስህተት ነው ወይ? አይመስለኝም፣ ምክንያቱም እነዚህን የተበታተኑ ዘዴዎች ሰብስቦ፣ አሻሽሎ፣ ከሐጅና ከንግድ መንገዱ ጋር ከአገር አገር ያዞራቸው ያ ስልጣኔ ነው። «የፈጠረው» እና «ያሳደገው» የሚሉትን ቃላት መለየት ብቻ ነው የሚያስፈልገው።

የኖትርዳሙን ነገር በአጭሩ ልለፈው። ካቴድራሉ በ2019 ሚያዝያ ከተቃጠለ በኋላ ነው ወሬው የበዛው። ሹል ቅስት ካይሮ ኢብን ጡሉን መስጊድ ውስጥ አለ፣ መስጊዱ ያለቀው በ879 ነው፣ ጎቲክ የሚሉት የአውሮፓ ካቴድራሎች ስልት መነሻ የሚባለው የሳን ደኒ ቤተ ክርስቲያን መዘምራን ክፍል ደግሞ በ1144 ነው የተመረቀው፣ ስለዚህ ቅስቱ ከምሥራቅ መጥቷል የሚለው ሐሳብ ከሜዳ የተነሳ አይደለም። ለንደን የቅዱስ ጳውሎስን ካቴድራል የሠራው ክሪስቶፈር ሬን ራሱ ጎቲክን «የሳራሰን ስልት» ብንለው ይሻላል ብሎ ጽፏል፣ ሳራሰን ማለት በዛን ጊዜ አውሮፓ ለዐረብና ለሙስሊም የሚሰጠው ስም ነው። ቅስቱ ላይ መስቀለኛ የድንጋይ አጥንትና ከውጭ የሚደግፍ ክንድ ጨምሮ ያን ሁሉ መስታወት ያስገባው ግን የፈረንሳይ ግንበኛ ነው። ይሄ የድሮ ታሪክ ነው፣ የኔ ጉዳይ የ20ኛውና የ21ኛው ክፍለ ዘመን ነው።

የእንጨት መስኮቱ ምን ይሠራል?

መሽረቢያ የሚባለውን ነገር ምጽዋን ያየ ሰው ያውቀዋል፣ ከፎቁ ወደ መንገድ ወጣ ብሎ የተንጠለጠለ፣ በእንጨት ፍርግርግ የተሸፈነ ሰገነት ነው። የካይሮው ዓይነት በቶርኖ ከተሞረዱ ትንንሽ ድብልብል እንጨቶች ነው የሚሠራው፣ አንዱ ካንዱ እየተሰካካ፣ ብዙውን ጊዜ ያለ ሚስማርና ያለ ሙጫ። ለምን ያለ ሚስማር? እንጨቱ በእርጥበት ያብጣል፣ በድርቅ ይኮማተራል፣ በሚስማር ከተያዘ ይሰነጠቃል፣ ከተሰካካ ግን እርስ በርሱ ይንቀሳቀሳል።

አሁን ፍርግርጉን ቀረብ ብለን እንየው። ዓይን በሚደርስበት ከፍታ ላይ ቀዳዳው ጠባብ ነው፣ ወደ ላይ ሲሄድ ይሰፋል። ታች የጠበበው ሁለት ነገር ያደርጋል፣ ኃይለኛው ፀሐይ ዓይን ውስጥ እንዳይገባ ይሰባብረዋል፣ ከመንገድ ያለውም ሰው ወደ ውስጥ እንዳያይ ያደርጋል፣ ውስጥ ያለችው ግን መንገዱን በደንብ ታያለች (ጨለማ ውስጥ ያለ ሰው ብርሃን ላይ ያለውን ያያል፣ ብርሃን ላይ ያለው ግን ጨለማ ውስጥ ያለውን አያይም፣ ነገሩ ይሄው ነው)። ላይ የሰፋው ደግሞ ንፋስ ያስገባል። እንጨቱ ድብልብል መሆኑም በምክንያት ነው፣ ጠርዝ ያለው እንጨት ብርሃንና ጥላን በስለት እንደቆረጡት ስለሚለያያቸው ዓይን ይደክማል፣ ድብልብሉ ላይ ግን ብርሃኑ ቀስ እያለ ወደ ጥላ ይገባል። ግብፃዊው አርክቴክት ሐሰን ፋትሒ ይሄን ነገር በዝርዝር ያስረዳ ነበር።

ስሙ ራሱ በዐረብኛ «መጠጣት» ከሚለው ቃል ጋር እንደሚያያዝ ይነገራል፣ ሰገነቱ ላይ የሸክላ የውሃ ማሰሮ ስለሚቀመጥ። እንስራ ውስጥ ያደረ ውሃ ለምን ይቀዘቅዛል? ሸክላው ትንሽ ትንሽ ያልባል፣ ላቡ ሲተን ሙቀት ይዞ ይሄዳል። ማሰሮውን ንፋስ በሚገባበት ፍርግርግ አጠገብ ስታስቀምጠው ውሃውም ይቀዘቅዛል፣ ቤት የሚገባው ንፋስም ቀዝቀዝ ይላል። እንግዲህ አንድ መስኮት ብርሃን ይቀንሳል፣ ንፋስ ያስገባል፣ ያቀዘቅዛል፣ ገመና ይሸፍናል፣ እይታ ይሰጣል። አምስት ሥራ ማለት ነው፣ ያለ መብራት።

ፓሪስ ላይ ሞተር ሲገጠምለት

በ1987 ፓሪስ ላይ ሴን ወንዝ ዳር የዐረብ ዓለም ኢንስቲትዩት ተከፈተ። ንድፉ የዣን ኑቬልና ከሱ ጋር የሠሩ አርክቴክቶች ነው፣ ስም ያወጣለትም ይሄ ህንፃ ነው። በደቡብ በኩል ያለው ግንባሩ 240 የብረት ፓነል ተደርድሮበታል፣ እያንዳንዱ ፓነል ላይ የካሜራ ሌንስ የሚመስሉ ትልልቅና ትንንሽ ክብ መዝጊያዎች አሉ፣ ብርሃን የሚለካ ሴንሰር አለ፣ ፀሐይ ሲበረታ ሞተሩ መዝጊያዎቹን ያጠብባል፣ ደመና ሲሆን ይከፍታል። ከሩቅ ስታየው የአልሃምብራ (ስፔን ግራናዳ ያለው የሙስሊም ነገሥታት ቤተ መንግስት) ኮከብና ባለ ብዙ ጎን ንድፍ ነው፣ ስትጠጋ የሰዓት ውስጡን የመሰለ ማሽን። ሐሳቡ በጣም ያምራል፣ መሽረቢያን አልገለበጠም፣ «መሽረቢያ ዛሬ ቢፈጠር ምን ይመስል ነበር» ብሎ ነው የጠየቀው። በ1989 የአጋ ካን የአርክቴክቸር ሽልማት አግኝቷል፣ ይሄ ሽልማት ለሙስሊም ማህበረሰቦች ግንባታ የሚሰጥ በዘርፉ ትልቁ ነው።

ግን አምስቱን ሥራ ይዘን እንቁጠር። መዝጊያዎቹ ያሉት በመስታወትና በመስታወት መሀል ነው፣ ስለዚህ ንፋስ አይገባም። ፀሐዩ የውጭውን መስታወት አልፎ ከገባ በኋላ ነው የሚያዘው፣ ስለዚህ ከሙቀቱ የተወሰነው አብሮ ገብቷል። ማቀዝቀዝ የለም። ህንፃው ቤተ መጻሕፍትና ሙዚየም እንጂ መኖሪያ ስላልሆነ የገመና ነገር አይነሳም። ኑቬል ከአምስቱ አንዱን ወሰደ፣ ብርሃንን። ሞተሮቹ ደግሞ ብዙ ሳይቆዩ መበላሸት ጀመሩ፣ ለዓመታት ብዙዎቹ ሳይንቀሳቀሱ ኖረዋል፣ በ2017 አካባቢ ነው ግንባሩ የታደሰው። የካይሮው እንጨት የሚበላሽ ሞተር የለውም።

ይሄንን ውድቀት ነው የሚሉ አሉ፣ ብርሃኑን ራሱ የግድግዳው ጌጥ ስላደረገው በቂ ነው የሚሉም አሉ። እኔ የሚገርመኝ ኑቬል ራሱ ኋላ ላይ ያደረገው ነገር ነው። በ2017 የተከፈተው የአቡዳቢው ሉቭር ላይ 180 ሜትር ስፋት ያለው ጉልላት ሠራ፣ 8 ንብርብር ሆኖ 7,850 ኮከብ የሚመስሉ ቅርፆች ተነባብረውበታል፣ አንድም የሚንቀሳቀስ ነገር የለውም። ፀሐዩ በአንዱ ንብርብር ያልፋል፣ በሚቀጥለው ይዘጋል፣ ፀሐዩ ራሱ ሲዞር ብርሃኑ ወለሉ ላይ ይንቀሳቀሳል። ጥላው ስር ያሉት ነጫጭ ቤቶችና በመሀላቸው ያለው መተላለፊያ ክፍት ነው፣ ከባህሩ በኩል ንፋስ ይገባል። ሞተሩን ትቶ ወደ ጥላው ተመለሰ ማለት ነው።

እዛው አቡዳቢ በ2012 ያለቁት የአል ባህር መንትያ ማማዎች በሌላ በኩል ነው የሄዱት። አይዳስ የሚባለው ቢሮ ከመስታወቱ ውጭ፣ ራቅ አድርጎ፣ እንደ ጃንጥላ የሚታጠፉና የሚዘረጉ ሦስት ማዕዘኖች ደረደረበት፣ ፀሐዩን እየተከተሉ ይከፈታሉ ይዘጋሉ። መከላከያው ከመስታወቱ ውጭ መሆኑ ከፓሪሱ የተሻለ ነው፣ የገነቡትም ሰዎች የሚገባውን የፀሐይ ሙቀት ከግማሽ በላይ ይቀንሳል ይላሉ። ውስጡ ግን ያው የታሸገ መስታወትና ኤሲ ነው።

አላዲን ባግዳድ ላይ

ቅርፅ ብቻ ሲወሰድ ምን እንደሚመጣ ለማየት ከአሜሪካዊው አርክቴክት ፍራንክ ሎይድ ራይት የተሻለ ምሳሌ የለም። በ1957 የኢራቅ መንግስት በነዳጅ ገንዘብ ባግዳድን ሊያድስ የዓለምን ታላላቅ አርክቴክቶች ጠራ፣ ስዊዘርላንድ ተወልዶ ፈረንሳይ የሠራውን ለ ኮርቡዚዬን ለስታዲየም፣ ግሮፒየስን ለዩኒቨርሲቲ፣ ራይትን ለኦፔራ ቤት። ራይት 90 ሊሞላው ወር ነበር የቀረው። ሄዶ አየ፣ ጤግሮስ መሀል ያለችውን ደሴት መረጠ፣ ዔደን እዚህ ነበር ብሎ ስሟን ለወጠ፣ ከዛ በ762 ኸሊፋው አል መንሱር የቆረቆራትን ክብ ባግዳድ አስቦ ሁሉን ነገር በክብ በክብ ሳለው። የኸሊፋው ሃሩን አልረሺድ ሐውልት፣ የአዳምና የሔዋን ሐውልት፣ ኦፔራ ቤቱ ጫፍ ላይ ደግሞ አላዲን ፋኖሱን ይዞ።

ለባግዳድ ክብር ነበረው፣ ያ የማይካድ ነው፣ የአሜሪካ መስታወት ሳጥን እዚህ አይምጣ ብሏል። ግን ያየው ባግዳድ የሚኖርባትን ሳይሆን ልጅ ሆኖ ተረት ውስጥ ያነበባትን ነው። የባግዳድ ሰው በበጋ ቀን ምድር ቤት፣ ማታ ጣሪያ ላይ የሚተኛበትን ቤት አልተማረበትም። ሐምሌ 14 ቀን 1958 አብዮቱ መጣ፣ ንጉሥ ፋይሰል ተገደለ፣ ፕላኑም እዚያው ቀረ፣ ራይትም በሚያዝያ 1959 ሞተ። የሚገርመው ያ ኦፔራ ቤት ተለዋውጦም ቢሆን ተሠርቷል፣ አሪዞና ቴምፒ ውስጥ በ1964 የተከፈተው የጋሜጅ አዳራሽ የሱ ልጅ ነው፣ ያለ አላዲኑ።

ለ ኮርቡዚዬ የሚያስቸግር ጉዳይ ነው

ለ ኮርቡዚዬ በ1911 ገና ወጣት ሆኖ ኢስታንቡል ሄዶ መስጊዶቹን ሲስል ነበር፣ በ1931 ደግሞ አልጄሪያ በረሃ ውስጥ ወዳለው ምዛብ ሸለቆ ወረደ። እዛ ከ11ኛው ክፍለ ዘመን ጀምሮ ኢባዲ የሚባለው ወገን ሙስሊሞች የቆረቆሯቸው አምስት ከተሞች አሉ፣ ነጭና ክሬም ቀለም የተቀቡ፣ ወፍራም ግድግዳ፣ ጠባብ መንገድ፣ ጌጥ የሚባል የለም። ሐረር ጀጎል ውስጥ በቀትር የሄደ ሰው ጠባብ መንገድ ምን ማለት እንደሆነ ያውቃል፣ ሁለቱ ግድግዳዎች አንዱ ለሌላው ጥላ ይሆናሉ።

በ1955 ያለቀው የሮንሻን ቤተ ክርስቲያኑ ላይ ያለው ወፍራም የደቡብ ግድግዳ፣ ያለ ሥርዓት የተበተኑት ትንንሽ መስኮቶች፣ ከውጭ ጠብበው ወደ ውስጥ የሚሰፉት ቀዳዳዎች፣ ምዛብ ኤል አቱፍ ውስጥ ካለው ትንሹ የሲዲ ኢብራሂም መስጊድ መጡ የሚሉ ብዙ ናቸው። ሌሎች ደግሞ ምንጩ ብዙ ነው፣ የሮማውያን ፍርስራሽም የሜዲትራንያን የገጠር ቤትም አለበት ይላሉ። ምዛብን አይቶ ስሎ መመለሱ ግን አከራካሪ አይደለም፣ ፎቶዎቹን ጎን ለጎን ላስቀመጠ ሰው ዝምድናው ይታያል።

የሚያስቸግረው ሌላው ጎኑ ነው። ካስባ የሚባለውን የአልጀርስ አሮጌ ከተማ ያደነቀ ሰውዬ በዛው ሰሞን ለአልጀርስ ያወጣው ፕላን ላይ ከካስባው በላይ ተሻግሮ የሚሄድ አውራ ጎዳና ሳለ፣ ኮረብታ ላይ የሚሠሩትን መኖሪያዎች ከታችኛው የቢዝነስ ሰፈር የሚያገናኝ፣ የካስባውን ሰዎች ከታች ትቶ። አልተሠራም። ይሄንን አንብቦ ሁሉን ነገር ሌብነት ነው የሚል ሰው ብዙም አይፈረድበትም።

ከግራናዳ ወደ ካሊፎርኒያ

የአልሃምብራ መንገድ ጠመዝማዛ ነው። ሜክሲኳዊው ሉዊስ ባራጋን በ1920ዎቹ ወጣት ኢንጂነር ሆኖ ግራናዳን ጎበኘ፣ በ1980 ፕሪትዝከር የሚባለውን የአርክቴክቸር ሽልማት ሲቀበል ራሱ እንዳወራው ጨለም ካለች ጠባብ መተላለፊያ ወጥቶ ድንገት ጸጥ ካለው የባርሰነት ግቢ ውስጥ ገባ፣ መሀሉ ላይ ሰማይን የሚያሳይ ውሃ ብቻ። ጠባብ፣ ጨለማ፣ ከዛ ድንገት ሰማይ። ቤቶቹ ሁሉ ላይ ይሄንን ቅደም ተከተል ታገኘዋለህ።

አሜሪካዊው አርክቴክት ሉዊስ ካን ደግሞ የፖሊዮ ክትባት የሠራው ዮናስ ሳልክ ካሊፎርኒያ ላሆያ ውስጥ ያስገነባውን የምርምር ማዕከል ሲሠራ በሁለቱ ህንፃዎች መሀል ዛፍ ልትከል ወይስ አልትከል ብሎ ተቸግሮ ባራጋንን ጠራው። ባራጋን ዛፍም ሳርም አይግባ፣ የድንጋይ አደባባይ ይሁን አለ። ዛሬ እዛ ያለው ባዶ ድንጋይ፣ መሀሉን ሰንጥቆ ወደ ፓስፊክ የሚሄድ ቀጭን የውሃ መስመር፣ ከላይ ሰማይ ነው። ቅስት የለም፣ የዐረብ ጽሕፈት የለም፣ ንጣፍ ጌጥ የለም፣ ግን የግራናዳን ግቢ የሚያውቅ ሰው ያውቀዋል። ጉልላቱ ሳይሆን አሠራሩ ነው የተወሰደው ስል ይሄን ማለቴ ነው። ካን ኋላ ዳካ ላይ በ1982 ያለቀውን የባንግላዴሽ ፓርላማ ሲሠራም ግድግዳው ላይ ግዙፍ ክብና ሦስት ማዕዘን ቀዳዳ አወጣ፣ መስኮቱን ወደ ኋላ አስገብቶ ፀሐይና ዝናብ ውጭኛው ግድግዳ ላይ እንዲቀር።

ቃል በገባሁት መሰረት ቅርፅ ወስዶ የተሳካለት ቻይና ተወልዶ አሜሪካ የሠራው አርክቴክት አይ ኤም ፔይ ነው። ዶሃ ውስጥ በ2008 የተከፈተውን የእስላማዊ ጥበብ ሙዚየም ሲሠራ 90 እያለፈው ነበር፣ ከአገር አገር ሲዞር ኖሮ የፈለገውን ያገኘው ካይሮ ኢብን ጡሉን ግቢ ውስጥ ባለችው የውዱእ (ከሶላት በፊት የሚታጠቡበት) ቤት ላይ ነው፣ ከካሬ ወደ ስምንት ማዕዘን፣ ከዛ ወደ ክብ የምትወጣ ትንሽ ቤት። እሱን አግዝፎ ባህር ላይ አስቀመጠው። ለምን ሠራለት? የወሰደው ቅርፅ የብርሃን ማሽን ስለሆነ ይመስለኛል፣ በረሃው ፀሐይ ያንን ባዶ ድንጋይ ቀኑን ሙሉ ሲቀርፀው ይውላል።

ስርቆት፣ ኦሪየንታሊዝም ወይስ ትምህርት

ኦሪየንታሊዝም ስንል ምሁሩ ኤድዋርድ ሳይድ በሰጠው ትርጉም ምሥራቅን እንደ አንድ ተረት፣ እንደማይለወጥ ዓለም አድርጎ የማየት ልማድ ማለት ነው። የራይት አላዲን በዚህ ይወድቃል፣ ክርክር አያስፈልገውም። ሌሎቹ ላይ ግን ጥያቄው የክሬዲት ነው፣ ኮከብ አርክቴክት ስሙ ይጻፋል፣ ያንን ፍርግርግ ለ700 ዓመት ያሻሻለው አናጢ ስም የለውም። እውነት ነው፣ ግን ይሄ የምዕራብ ብቻ ችግር አይደለም፣ አናጢውን ካይሮም አላስመዘገበችውም። ሌላው የሚረሳው ገንዘቡን የያዘው ማን ነው የሚለው ነው። ዶሃና አቡዳቢ ላይ «እስላማዊ ስሜት ይኑረው» ብሎ የሚያዘው ባለቤቱ ነው፣ ፈረንጁን የሚመርጠውም እሱ ነው። የጂዳውን የሐጅ ተርሚናል እዩ፣ ከኢትዮጵያ የሄዱ ሐጃጆች የወረዱበት ነው፣ 210 ድንኳን የሚመስሉ የጨርቅ ጣሪያዎች፣ ጫፋቸው ክፍት ሆኖ ትኩስ አየር የሚወጣበት። ቢሮው የአሜሪካ ነው፣ ኢንጂነሩ ግን ዳካ የተወለደው ሙስሊሙ ፋዝሉር ራህማን ካን ነው። ይሄንን «ምዕራባዊ» ነው የምትሉት ወይስ «እስላማዊ»?

የአገር ልጅ ስለሆነ ብቻም አይሳካም። ሐሰን ፋትሒ በ1940ዎቹ ሉክሶር አጠገብ ለጉርና ሰዎች አዲስ መንደር በጭቃ ጡብ ሲሠራ ጉልላቱን ከኑቢያ አመጣው፣ ርካሽ፣ ቀዝቃዛ፣ ቆንጆ። የጉርና ሰዎች ግን ጉልላት ለመቃብር ነው የሚሠራው ብለው ከበዳቸው፣ ከድሮ ቤታቸው መነሳቱንም አልፈለጉም፣ መንደሩ ሳይሞላ ቀረ። እሱ ራሱ ኋላ በ1980ዎቹ መጀመሪያ ኒው ሜክሲኮ አቢኪዩ ድረስ ኑቢያውያን ግንበኞች ይዞ ሄዶ መስጊድ ሠርቷል።

ኤሲን ይተካል ወይ?

ቪዲዮዎቹ የማይነግሯችሁ ነገር እዚህ ጋ ነው። የንፋስ ማማውና የማሰሮው ዘዴ የሚሠራው ደረቅ አየር ላይ ነው፣ ያዝድ ኢራን ውስጥ ቀኑ ደረቅ ሌሊቱ ቀዝቃዛ ስለሆነ 33 ሜትር የሚያልፈው የዶውለትአባድ ማማ ከታች ውሃ ገንዳ ላይ አየሩን ሲያሳልፈው በደንብ ይቀዘቅዛል። ነሐሴ ላይ ዱባይ ወይም ጂዳ አየሩ ራሱ በውሃ የጠገበ ነው፣ ላብህ እንኳን አይተንም፣ ማሰሮው ምን ያተናል? ግቢውም የሌሊት ቅዝቃዜ ይፈልጋል፣ ሌሊቱን ከባድ አየር ወርዶ ግቢው ውስጥ ተኝቶ እስከ ረፋድ እንዲቆይ። ሌሊቱም 32 ዲግሪ ከሆነ የሚጠራቀም ነገር የለም።

እንግሊዛዊው አርክቴክት ኖርማን ፎስተር አቡዳቢ ጎን ማስዳር ከተማን ሲነድፍ ይሄን ሁሉ ሞክሯል፣ ጠባብ ጥላ ያላቸው መንገዶች፣ አቅጣጫቸው ከንፋሱ ጋር የተስተካከለ፣ 45 ሜትር የንፋስ ማማ። መንገዱ ላይ ልዩነት አለው፣ ጥላው እውነተኛ ነው። ግን ግንባታው በ2008 ሲጀመር በ2016 ያልቃል የተባለው ከተማ ቀኑ እየተገፋ ሄደ፣ ካርቦን ዜሮ የሚለውም ግብ ለዘብ ተደረገ፣ ቤቶቹ ውስጥም ኤሲ አለ። ጥላ ኤሲው የሚሠራውን ሥራ ይቀንሰዋል፣ አይተካውም፣ ይሄ ራሱ ግን ትልቅ ነገር ነው፣ ሙቀቱ ከገባ በኋላ ከማስወጣት ሳይገባ መመለስ ሁሌም ይረክሳል። ፓሪስ ላይም ቢሆን ከኤሲ በፊት የሚመጣው ጥያቄ ከመስኮቱ ውጭ መዝጊያ አለ ወይ የሚለው ነው፣ ብዙዎቹ የዚንክ ጣሪያ ስር ያሉ ክፍሎች የላቸውም።

ዱባይ ያላችሁ ከዴራ ሰፈር አብራ በሚባለው ጀልባ ተሻግራችሁ ባስታኪያ የሚባለውን አሮጌ ሰፈር አይታችሁት ይሆናል፣ አሁን አል ፋሂዲ ነው የሚሉት። ከደቡብ ኢራን የመጡ ነጋዴዎች ናቸው እነዛን ማማዎች ከአገራቸው ያመጡት፣ ባርጂል ይሏቸዋል። በ1980ዎቹ ግማሹ ፈርሶ ነበር፣ የቀረውም ሊፈርስ ሲል እዛ ይኖር የነበረ አንድ እንግሊዛዊ አርክቴክት ዘመቻ ከፍቶ፣ ለልዑል ቻርልስ ሳይቀር ጽፎ፣ ልዑሉም በ1989 መጥቶ አይቶት ነው የተረፈው። ማማዎቹ ታድሰው ቆመዋል፣ ሰው ፎቶ ይነሳባቸዋል። ከስራቸው ያሉት ካፌዎችና ጋለሪዎች በሮቻቸው ተዘግተው በኤሲ ነው የሚቀዘቅዙት።